የመኪናዎ ውሃ የት ይሄዳል?

ጠዋት መኪናቸውን ከማስነሳታቸው በፊት ኮፈን ከፍተው ዘይትና ውሃ የሚያዩ ሰዎች አሉ። እርስዎም እንዲህ የሚያደርጉ ከሆነ ይህ ነገር ሳይገጥምዎት አይቀርም፦ ባለፈው ሳምንት እስከ አፉ የሞሉት ውሃ ዛሬ ጎድሏል፤ መኪናዋ ያደረችበት መሬት ግን ደረቅ ነው። ጠብታ የለም፣ እርጥበትም የለም። ታዲያ ውሃው የት ገባ?

ብዙ ሰው «ሙቀት ስለሆነ ተኖ ነው» ይልና ትንሽ ጨምሮበት ይሄዳል። ጤነኛ መኪና ግን ውሃ አትጠጣም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚዞርበት መንገድ ዝግ ነው። ከሞተር ወደ ራዲያተር፣ ከራዲያተር ወደ ሞተር እየተመላለሰ ለወራት ያለ ጭማሪ መቆየት አለበት። በየሳምንቱ የሚጨመርባት መኪና አንድ ቦታ ላይ ታፈሳለች።

የምታፈስበትን ቦታ ለማግኘት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ውሃው እዚያ ውስጥ በምን ሁኔታ እንደሚኖር መረዳት ግን ያስፈልጋል። እሱን ደግሞ በእጅዎ ይዘው ከሚያዩት ከአንድ ትንሽ ዕቃ እንጀምራለን፤ ከራዲያተሩ ክዳን።

መኪናዋ አድራ በቀዘቀዘችበት ሰዓት ክዳኑን ይክፈቱት። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ፈጽሞ አይነካም፤ ምክንያቱን ትንሽ ቆይተን እናያለን። አሁን ገልብጠው ይዩት። ከስሩ ጠንካራ ሞላ አለ። በሞላው ጫፍ ላይ የጎማ ቀለበት የለበሰ ዝርግ ብረት ተቀምጧል። በዝርጉ ብረት መሃል ደግሞ ሌላ ትንሽ ክብ ብረት አለች፤ በጥፍርዎ ሳብ ሲያደርጓት ትከፈታለች፣ ሲለቋት ተመልሳ ትገጥማለች። ከክዳኑ አናት ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ያገኛሉ።

ሞላውን በአውራ ጣትዎ ወደ ውስጥ ይጫኑት። ይከብዳል። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የከበደው። ቁጥሩ የሚናገረው የዚያን ክብደት ልክ ነው፦ 1.1 ማለት ከውስጥ ያለው ውሃ በእያንዳንዷ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ 1.1 ኪሎ ያህል እስኪገፋ ድረስ ክዳኑ አይበገርም ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ብቻ ሞላው ይሸነፍና ትርፉን በጎን ያስወጣል።

ይህ ሁሉ ግፊት ለምን አስፈለገ? መልሱ ኩሽና ውስጥ ነው።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብሎ ትምህርት ቤት የተማርነው ለጅቡቲ እና ለምጽዋ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ክብደት ያንሳል፤ ስለዚህ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንፈቀፈቃል። ደጋ ላይ ባቄላና ሽንብራ የሚቀቅል ሰው ነገሩን ሳይለካው ያውቀዋል፤ እሳቱን ቢቆሰቁስም የፈላ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅለትም።

ፕሬሸር ኩከር ያለው ሰው ግን ክዳኑን ይቆልፈዋል። መውጫ ያጣው እንፋሎት ውሃውን ይጫነዋል፤ የተጫነው ውሃ ሳይፈላ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ባቄላውም ቶሎ ይበስላል። የዚህን ድስት የመጀመሪያ ዓይነት በ1679 እ.ኤ.አ. የሠራው ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፒን ነው፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ እየተከፈተ የሚያስተነፍስ ቫልቭም አበጅቶለታል። የመኪናዎ ራዲያተር የዚያ ድስት ወገን ነው፤ ክዳኑም ያው ቫልቭ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። 0.9 የሚል ክዳን በደንብ የገጠመላት መኪና አዲስ አበባ ላይ ብትሆን ውስጧ ያለው ንጹሕ ውሃ የሚፈላው 114 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ግማሽ በግማሽ ኩላንት ከተቀላቀለበት ከዚያም ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። ሞተር በሰላም ቀን ሲሠራ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከ85 እስከ 100 ዲግሪ ባለው መካከል ይቆያል። ክዳኑን ከዚህ ሂሳብ ያውጡትና ይመልከቱ፦ ውሃው 92 ላይ ይፈላል፣ ሞተሩ ደግሞ 95 ላይ መሥራት ይፈልጋል። ያለ ግፊት የአዲስ አበባ መኪና ምንም ሳትበላሽ፣ በጤናዋ ትፈላለች።

ትንሽ ማፍሰስን እንዳይንቁት የምለው ለዚህ ነው። በመርፌ የተወጋ የሚመስል ስንጥቅ በቀን የሚያስወጣው ውሃ ከሻይ ብርጭቆ ላይበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን ግፊቱ በሚገባ እንዳይጠራቀም ያደርጋል። ግፊት ሲጎድል ውሃው ቀድሞ ይፈላል፤ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ብረቱን እንደ ውሃ አያቀዘቅዝም። እንፋሎቱ የተኛበት የብረት ክፍል ብቻውን ይግላል፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። የርካሽ ቱቦ ጣጣ ሞተር እስከ ማስወረድ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ክዳኑ ሲሞቅ ለምን እንደማይከፈትም አሁን ግልጽ ነው። ውስጥ ያለው ውሃ 105 ዲግሪ ደርሶ ያልፈላው ክዳኑ ስለያዘው ብቻ ነው። ክዳኑን ባላሉበት ቅጽበት ግፊቱ ይጠፋል፣ ውሃው በአንድ ጊዜ መፍላት ይጀምራል። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል፤ ከራዲያተሩ ውሃ ጥቂቱ ብቻ እንዲህ ቢለወጥ እንኳን የቀረውን ፈላ ውሃ ይዞት ወደ ፊትዎና ወደ እጅዎ ይፈናጠራል። ጨርቅ ደራርቦ መያዝ አያድንም። ጋራዥ ውስጥ «ጋሼ፣ እባክዎ አይንኩት! ሻይ ጠጥተው ይምጡ» የሚል ወጣት መካኒክ ካጋጠመዎት እውነቱን ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ የላይኛውን ቱቦ ጨምቀው ለስለስ ማለቱንና መቀዝቀዙን ሳያረጋግጡ አይክፈቱ።

ያችን በክዳኑ መሃል ያለችውን ትንሽ ክብ ብረት አልረሳናትም። የእሷ ሥራ የተገላቢጦሽ ነው።

ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 6 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጨምራል። ይህ ትርፍ ክዳኑን ገፍቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ላስቲኩ የትርፍ ውሃ መያዣ ይሄዳል። ማታ መኪናዋ ስትቀዘቅዝ ውሃው ይኮማተራል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል። ያኔ ትንሿ ቫልቭ ትከፈትና የወጣው ውሃ ተስቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በመያዣው ላይ ያለው ከፍታ ጠዋትና ማታ የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው። ክዳናቸው ራሱ የላስቲኩ መያዣ ላይ የሆነ፣ በተለይም የአውሮፓ ስሪት መኪኖች አሉ፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ይህን ባዶነት ቤትዎ ሊያዩት ይችላሉ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይፈልጉ። እስከ ሩቡ ድረስ በጣም የሞቀ፣ ነገር ግን ያልፈላ ውሃ ይጨምሩበት፣ ከድነው ትንሽ ያወዛውዙት፣ ውሃውን ይድፉና ወዲያው መልሰው አጥብቀው ይክደኑት። ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት። ጠርሙሱ ጎኑ እየገባ ይጨማደዳል። ውስጡ የነበረው ሙቅ አየርና እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ቦታው ባዶ ሆነ፤ የውጪው አየር ደግሞ ጨመቀው። አሁን ጠዋት ኮፈን ሲከፍቱ የራዲያተሩ የላይኛ ቱቦ እንደዚያ ተጠፍጥፎ ካገኙት በሽታውን ያውቁታል፤ የክዳኑ ትንሽ ቫልቭ ተጣብቃለች። የመሃሏ ቫልቭ ካልተንቀሳቀሰች፣ የጎማው ቀለበት ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ክዳኑን ይለውጡ። ሲለውጡ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይሁን። ትልቅ ቁጥር ይሻላል ብሎ 0.9 በነበረበት 1.1 ማድረግ ለዚያ ግፊት ያልተሠሩትን ቱቦዎች ማስጨነቅ ነው።

እንግዲህ ወደ ፍለጋው እንግባ።

መጀመሪያ በእርግጥ እየጎደለ መሆኑን ይወቁ። በትርፍ ውሃ መያዣው ጎን ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ውሃው ያለበትን ከፍታ በእስክሪብቶ ያስምሩ። ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት፣ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ ይለኩ። ከቀን ወደ ቀን መስመሩ ወደ ታች ከወረደ ጥርጣሬው አበቃ።

ሁለተኛ፣ ማታ ከሞተሩ ስር ሰፊ ካርቶን ያንጥፉ፤ የፊት ጎማዎቹ ያሉበትን ቦታ ካርቶኑ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ጠዋት ጠብታ ካገኙ ከየትኛው ጎን እንደወረደ ምልክቱ ይነግርዎታል። ጠብታ ሁሉ ግን ኩላንት አይደለም። ኤርኮንዲሽነር ሲሠራ ከነበረ ከተሳፋሪው በኩል የሚወርደው ጠብታ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፤ ንጹሕ ውሃ ነው፣ ሊያሳስብዎት አይገባም። ኩላንት አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነው፤ በጣት ሲያሹት ያንሸራትታል፤ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ አለው። መርዝ ስለሆነ በምላስዎ አይሞክሩት።

ቀዩ ጠብታ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ይሁን ቀይ ኩላንት ካላወቁ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያምጡና አንድ ጠብታ ይጣሉበት። ኩላንት ከውሃው ጋር ወዲያው ይዋሃዳል። ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። ብርጭቆውን ግን ከዚያ በኋላ ለመጠጫ አይመልሱት።

ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ መስመሩ ግን ከወረደስ? በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የጠየቅነው ጥያቄ መልስም እዚህ አለ። ብዙ ቀዳዳ የሚያፈሰው ሲሞቅና ግፊት ሲኖር ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት የሚወጣው ውሃ የጋለ ብረት ላይ ስለሚያርፍ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ማታ ደግሞ ግፊቱ ሲወርድ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ማፍሰሱም ያቆማል።

ነገር ግን የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። በኩላንቱ ውስጥ ያለው ቀለምና ዝገት መከላከያው መድኃኒት ይቀራል፤ የቧንቧ ውሃ ከነበረም ኖራው ይቀራል። ስለዚህ የስልክዎን መብራት ይዘው የሚፈልጉት እርጥበት ሳይሆን የደረቀ ቅርፊት ነው፦ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ዱቄት የመሰለ፣ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ወደ ታች ወይም በማራገቢያው ነፋስ ወደ ኋላ የተሳበ መስመር። መስመሩን ወደ ላይ ይከተሉት። ከፍ ያለው ጫፉ ቀዳዳው ነው።

ከቱቦዎቹ ጫፍ ይጀምሩ። እያንዳንዱን ቱቦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በጣትና በአውራ ጣት መሃል ጨመቅ ያድርጉት። ጤነኛ ጎማ ይታዘዛል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ሲጨመቅ የሚንኮሻኮሽ ደርቋል፤ ሊጥ የመሰለ ወይም ያበጠ ደግሞ ከውስጥ ተበልቷል፣ ብዙውን ጊዜ ዘይት ስለነካው ነው። በተለይ ከብረቱ ማጥበቂያ አጠገብ ያለውን ቦታ አጠፍ አድርገው ይዩ፤ ጥቃቅን ስንጥቆች የሚደበቁት እዚያ ነው።

ቀጥሎ ራዲያተሩ። የዛሬ ራዲያተሮች መሃላቸው አሉሚኒየም፣ ላይና ታች ወይም ግራና ቀኝ ያለው ሳጥናቸው ፕላስቲክ ነው። ሁለቱ የሚጋጠሙት በጎማ ቀለበትና በታጠፈ የብረት ጥርስ ነው። ፕላስቲኩ በዓመታት ሙቀት ቡናማ እየሆነ ይሰባበራል። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ቅርፊት ካዩ እዚያ ነው።

የውሃ ፓምፑን ግን ረጋ ብለው ይዩልኝ፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የእሱ ብልሃት ነው። ፓምፑ በቺንጋ የሚዞር ዘንግ አለው። በዘንጉ አንድ ጫፍ ውሃ፣ በሌላው በኩል ኩስኔታ አለ፤ በመሃላቸው ውሃውን የሚያግድ ማኅተም ተቀምጧል። ማኅተሙ ማርጀቱ አይቀርም። ሲያረጅ ውሃው ወደ ኩስኔታው ቢገባ ቅባቱን አጥቦ ያደርቀዋል። ስለዚህ ሠሪዎቹ በማኅተሙና በኩስኔታው መካከል፣ ከፓምፑ ሆድ በታች፣ ሆን ብለው ትንሽ ቀዳዳ በስተዋል። ከማኅተሙ ያመለጠው ውሃ ኩስኔታው ጋ ሳይደርስ በዚያች ቀዳዳ ይወርዳል፤ ለእርስዎም ምልክት ይሆናል። መስታወት ከስሩ አስገብተው በመብራት ቢያዩዋት በዙሪያዋ የደረቀ ኩላንት ሊያገኙ ይችላሉ። ቀጭን ምልክት ብቻ ከሆነ ይከታተሉት። የሚንጠባጠብ ከሆነ ወይም የፓምፑን ፑሊ ይዘው ሲነቀንቁት የሚላወስ ከሆነ ፓምፑ ይለወጣል። ቀዳዳዋን በሙጫ የሚደፍን ሰው አይስሙ፤ ውሃው ወደ ኩስኔታው ይዞራል፣ ፓምፑም መንገድ ላይ ይነክሳል።

ሌላው መደበቂያ ተሳፋሪ የሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ ነው። ከዳሽቦርዱ ስር ጓዳውን የሚያሞቅ ትንሽ ራዲያተር አለ። እሱ ሲያፈስ የተሳፋሪው ምንጣፍ ይረጥባል፣ መኪናው ውስጥ ያ ጣፋጭ ሽታ ይመጣል፣ የፊት መስታወቱም ከውስጥ ቅባት የመሰለ ጉም ይይዛል።

ምንም ካላገኙ የግፊት መሞከሪያ ያለው ጋራዥ ይሂዱ። በእጅ የሚነፋ፣ የግፊት መለኪያ መርፌ ያለው ትንሽ ፓምፕ ነው፤ በክዳኑ ቦታ ይገጠምና ክዳኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ልክ አየር ይነፋበታል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ግፊት ስላለ፣ የሚወጣው ውሃ አይተንም፤ ሲንጠባጠብ በዓይን ይታያል። መርፌው ሳይወርድ ከቆየ ከውጭ ቀዳዳ የለም ማለት ነው። መርፌው እየወረደ ጠብታ ከሌለ ደግሞ ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ይህኛው ከባዱ ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሲበላ ውሃው ወደ ሲሊንደር ገብቶ ከቤንዚኑ ጋር ይተናል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም፣ ጣፋጭ የሚሸት ነጭ ጭስ፤ የዘይት መሙያው ክዳን ስር ወተት የተቀላቀለበት ቡና የሚመስል አረፋ፤ ሞተሩ በተነሳ በደቂቃ ውስጥ፣ ገና ሳይሞቅ፣ ድንጋይ የሆነ የላይኛ ቱቦ። በቀዝቃዛ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ የሚታይ ነጭ እንፋሎት ግን ጤና ነው። ደጋ ላይ አጭር መንገድ ብቻ በምትሄድ መኪና የዘይት ክዳን ስር ትንሽ አረፋ መኖሩም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ጥገናው ብዙ ጊዜ ከፍለጋው ያጥራል። ቱቦው የላላው ከማጥበቂያው ከሆነ በካቻቢቴ ማጥበቅ ይበቃል፤ ግን ከልክ ያለፈ ማጥበቅ ጎማውን ይቆርጠዋል፣ የራዲያተሩን የፕላስቲክ አንገትም ይሰብራል። ማጥበቂያው መቀመጥ ያለበት ብረቱ ጫፍ ላይ ካለው ወጣ ያለ ከንፈር ወደ ኋላ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ከተቀመጠ ቢያጠብቁትም ይሾልካል። ቱቦው ጫፉ ላይ ብቻ ከተሰነጠቀና ርዝመቱ ካልጠበበ፣ የተሰነጠቀውን ቆርጠው መልሰው መግጠም ይችላሉ። አዲሱን ቱቦ ሲያስገቡ እንዲንሸራተት ኩላንት ቀባ ያድርጉበት። ዘይትና ግሪስ ጎማ ስለሚበሉ አይሞክሩት።

የራዲያተር መድፈኛ ዱቄትና ፈሳሽ አለ፤ እንቁላል የሚሰብሩበትም አሉ። በረሃ መሃል ለቀረ ሰው ነፍስ አድን ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ቀዳዳውን የሚደፍነው ነገር የራዲያተሩን ጠባብ ቱቦዎችና የጓዳውን ትንሽ ራዲያተር ለይቶ አይምርም። ከተማ ውስጥ ላለ መኪና አልመክርም።

መንገድ ላይ፣ ለምሳሌ የዓባይን በረሃ ወደ ደጀን ሲወጡ ቱቦ ቢፈነዳ፣ ሞተሩን ያጥፉና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የፈነዳውን ቦታ አድርቀው በካላማዳሪያ ቁራጭ ደጋግመው አጥብቀው ይጠቅልሉት፣ በሽቦም ይሰሩት። ውሃ ይሙሉ። ከዚያ ብዙ ሾፌሮች ክዳኑን ግማሽ ብቻ ያዞሩታል፤ ግፊቱ እንዳይጠራቀምና ጥቅሉን እንዳያፈነዳው ነው። ብልሃቱ ይሠራል፤ ግን ሂሳቡን ያስታውሱ። ግፊት ከሌለ ውሃው ከፍ ባሉ ቁጥር ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ ኤርኮን አጥፍተው፣ የጓዳውን ሙቀት እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ በዝግታ፣ እየቆሙ እየሞሉ ነው የሚኬደው። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ መድፋት ደግሞ ቴስታታ ይሰነጥቃል።

በዳሽቦርዱ መርፌ ብቻ አይመኑ። ሙቀቱን የሚያነበው ዕቃ የሚሠራው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው። ውሃው ከእሱ በታች ከወረደ የሚነካው እንፋሎት ስለሚሆን ሞተሩ እየተቃጠለ መርፌው ዝቅ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ከመርፌው ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሌላ ነገር አለ፦ ሙቀቱን ከፍተው ሳለ የጓዳው አየር በድንገት ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃ የለም ማለት ነው፤ ወዲያው ይቁሙ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ አሞላሉ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «እዚህ አገር ውርጭ የለም፣ የቧንቧ ውሃ ይበቃል» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ደብረ ብርሃን የሚያድር ሰው ውርጭ የለም አይልም፤ ለማንኛውም ኩላንት ከብርድ መከላከያነቱ ይልቅ እዚህ የሚጠቅመን ዝገት ስለሚከላከል፣ የፓምፑን ማኅተም ስለሚያለሰልስና የመፍያውን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርግ ነው። የቧንቧ ውሃ ኖራው የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። የተጣራ ውሃና ኩላንት ግማሽ በግማሽ ይቀላቅሉ፤ ዓይነቱን የመኪናዋ መመሪያ ይናገራል፣ ቀለም አይቶ መገመት ግን አያስተማምንም።

ቀስ ብለው ይሙሉ። ከቻሉ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ዳገቱ ይሁን፤ አየር ወደ ላይ ስለሚሸሽ በክዳኑ በኩል ይወጣል። ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን ያስነሱ፣ የጓዳውን ሙቀት ይክፈቱ፣ የላይኛውን ቱቦ እጅዎን ከማራገቢያው አርቀው ይዳስሱት። ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይሞቃል። በዚያች ቅጽበት ቴርሞስታቱ ተከፈተ። ቴርሞስታት ውስጡ ሰም አለ፤ ሰሙ ቀልጦ ሲያብጥ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን በር ገፍቶ ይከፍተዋል። የተወለቀ አሮጌ ቴርሞስታት ካገኙ በክር አንጠልጥለው ውሃ በተጣደበት አሮጌ ድስት ውስጥ ይንከሩት፤ 82 የተጻፈበት ከሆነ ውሃው ሳይፈላ ቀስ እያለ ሲከፈት ያዩታል።

ቴርሞስታቱ ሲከፈት የታሰረው አየር አረፋ እየሆነ ይወጣል፣ ውሃውም ይወርዳል። ይጨምሩበት። አረፋው ሲያቆም ክዳኑን ይግጠሙ፣ ሞተሩን አጥፍተው ያሳድሩት። ጠዋት ፕላስተሩ ላይ አዲስ መስመር ያስምሩ፤ የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ዝቅ ቢል የቀረ አየር ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲያ ግን ባለበት መቆም አለበት።

በዚህ ሁሉ ሥራ መሃል አንድ ጥንቃቄ አይርሱ፦ ማራገቢያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉ ተነቅሎም ሊነሳ ስለሚችል፣ ሞቃት ሞተር ላይ ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም ሰፊ እጅጌ ለብሰው አያጎንብሱ።

ያወጡትን አሮጌ ኩላንት ደግሞ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ክፍት ትተው አይግቡ። ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ውሻ ይልሰዋል፣ ጥቂቱም ይገድለዋል፤ ለሕፃንም እንዲሁ አደገኛ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስም አያስቀምጡት፤ በዚያ ቀለም ለልጅ ለስላሳ መጠጥ ይመስለዋል። የዘይት ጀሪካን ውስጥ ከድነው፣ «መርዝ» ብለው ጽፈውበት፣ ዘይት ለሚቀበልዎት ጋራዥ ይስጡት።